ጌታ የሌለው ኮምፒውተር

ሕብረት በነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዓይነ ስውራን ክፍል መምህርት ነበረች። እሷም ራሷ በልጅነቷ ዓይኗን በኩፍኝ አጥታለች። አባቷ ከጎጃም ለንግድ መጥተው ነቀምቴ የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ከእናቷ ከእማዋይሽ ጋር ሁለቱ ብቻ ይኖራሉ። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ አፋን ኦሮሞ እየተናገረች ስላደገች በየትኛው እንደምታልም ቢጠይቋት መልስ የላትም።

ክፍሏ ውስጥ ጥቂት ኮምፒውተሮች ነበሩ። አንድ የእርዳታ ድርጅት «ለልዩ ፍላጎት ተማሪዎች» ብሎ የሰጣቸው ናቸው። በርክክቡ ቀን ንግግር ተደረገ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ለስላሳ ተጠጣ። ከዚያ በኋላ የነካቸው የለም። ለማያይ ልጅ ድምፅ የሌለው ኮምፒውተር ምኑ ነው? አብሮ የመጣው የማንበቢያ ፕሮግራም ለሙከራ የተሰጠ ስለነበር ጊዜው ሲያልፍ ዝም አለ። ሳይዘጋ በፊትም ቢሆን የሚያውቀው እንግሊዝኛ ብቻ ነበር። በላዩ ላይ ቫይረስ ገባባቸው። ልጆቹ ቦርሳ ማስቀመጫ አደረጓቸው።

አንድ ቀን የርእሰ መምህሩ የኦቦ ፈየራ ፕሪንተር ተበላሸና በርናባስ ተጠራ። በርናባስ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ትንሽ ሱቅ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መካከል ደግሞ በወፍራም ድምፁ የሚታወቅ ሰው ነው። ሥራ ሲይዝ ሳይታወቀው መዝሙር ያንጎራጉራል። ፕሪንተሩን ጨርሶ ሲወጣ በሕብረት ክፍል በር ላይ ቆመ።

«ቲቸር፣ እነዚህ ለምን ተኙ?»

«ሞተው ነው» አለችው።

«አልሞቱም። የተጫነባቸው ነገር ነው የገደላቸው።»

ብዙም ሳይቆይ ፍላሽ ይዞ ተመለሰ። አንዱን ኮምፒውተር ፎርማት አደረገና ሊኑክስ የሚባለውን ጫነበት። ምን እንደሆነ ብትጠይቀው እንደ ሰባኪ ሞቅ አለው። «ከየአገሩ ሰው ተባብሮ የሠራው ነው። ማንም አይሸጥልሽም። ውስጡን ከፍተሽ ብታዪው…» ብሎ ደነገጠ።

«ቀጥል፣ አየዋለሁ» ብላ ሳቀች።

«ብታስተካክዪው፣ ለጎረቤትሽ ብትሰጪው የሚከስሽ የለም። ነጻ ነው።»

ድምፁን ከፍ አደረገና ኪቦርዱን ነካ ነካ አደረገ። ኮምፒውተሩ አፍንጫውን እንደ ያዙት ሰው ሆኖ «አካም ቡልቴ፣ ሕብረት» አላት።

ሕብረት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዩኒቨርሲቲ ስትማር የእንግሊዝኛውን ድምፅ ሰምታ ታውቃለች። በአፋን ኦሮሞ «እንዴት አደርሽ» የሚላት ማሽን ግን በሕይወቷ አላጋጠማትም። በርናባስ ቀጥሎ አማርኛውን አሰማት። የሚጠብቀውን ፊደል ያላላል፣ የሚላላውን ያጠብቃል፤ የበዓሉን «ገና» «ገና ነው» ከሚለው አይለይም። ልጆቹ ከበው ሰሙና በሳቅ ፈረሱ። «ባርሲፍቱ፣ ሰውዬው ቆርቆሮ ውስጥ ነው እንዴ ያለው?» አለ አንዱ። ባርሲፍቱ ማለት መምህርቴ ማለት ነው።

ይሁን ቆርቆሮ። ያነባል። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ክፍሉ እንደ ንብ ቀፎ ይጮህ ጀመር። በርናባስ እየተመላለሰ ሁሉንም ኮምፒውተሮች ቀየራቸው። የመማሪያ መጻሕፍቱን በሶፍት ኮፒ ፈልጎ አመጣ። በብሬል የተዘጋጀ መጽሐፍ ለታችኞቹ ክፍሎች ብቻ ስለነበር ከፍ ያሉት ተማሪዎች ያለ መጽሐፍ ነበር የሚማሩት። አሁን መጽሐፉ ራሱ ያወራቸዋል።

ሕብረትም ሌላ ሰው ሆነች። ባጃጅ ውስጥ ያገኘችውን፣ መምህራን ማረፊያ የተቀመጠውን፣ ለቅሶ ቤት ጎኗ ያለውን ሁሉ «ሞክሩት» ትላለች። «ለእኛ ለማናይ ብቻ አይደለም። የእናንተም ኮምፒውተር ቫይረስ ይተወዋል። ምንም አይጠይቃችሁም፤ ሞክሩት ብቻ።» ሰው ያዳምጣታል፤ ሕብረት ስለምትወደድ ፊት አይነሳትም። ሲሄድ ግን አይሞክርም። «በነጻ ከሆነማ አንድ ነገር አለበት» ይላል። የሒሳብ መምህሩ ለአንድ ሳምንት ሞከረና የፈተና ወረቀቱ ላይ መስመር ስለተዛባበት መልሶ አስነቀለው። እናቷ እንኳ፣ «ልጄ፣ ሰው የማይፈልገውን ነገር አትለምኚ፤ ወንጌል አይደል» አለቻት።

በርናባስ «ወደ ሌሎቹ ከተሞች እንሂድ» አላት። ሱቁን ዘግቶ፣ ላፕቶፑን አዝሎ ወደ ሲሬ ይዟት ሄደ። ባይሳ የሚባል የዚያ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር መምህራንንና ወላጆችን ሰብስቦ ጠበቃቸው። በርናባስ ቆመና እንዲህ አለ፦

«ነጻ ማለት ርካሽ ማለት አይደለም። ጌታ የሌለው ማለት ነው።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «ጌታ የሌለውን ነገር ታዲያ ማን ይጠብቀዋል?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ።

ባይሳ አልሳቀም። «ሐሳቡ ጥሩ ነው» አለ። «እኔ የማስበው ሌላ ነው። አንድ ቀን ሲበላሽ ማንን እጠራለሁ?»

«እኔን» አለ በርናባስ።

«አንተ ከሌለህስ?»

«የት እሄዳለሁ?»

ከዚያ ተራው የሕብረት ሆነ። የሲሬ መምህራን በአፋን ኦሮሞ የጻፉላትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ኮምፒውተሩ እያነበበ አሰማ። ሰው አጨበጨበ። በመጨረሻ ግን አንድም መምህር ፍላሽ ይዞ አልቀረበም። የቀረበው ነመራ የሚባል ገበሬ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ይኖራል፤ ሚስቱ ሞታለች፤ ቦንቱ የምትባል ዓይነ ስውር ልጅ አለችው።

«ባርሲፍቱ፣ ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው» አላት። «እስከ አራተኛ ክፍል ከወንድሟ ጎን ተቀምጣ በጆሮዋ ተማረች። ከዚያ ወንድሟ ሌላ ቦታ ሄደና ቤት ዋለች። ይሄ ነገር ለሷም ያነብላታል?»

«ያነብላታል፣ ኦቦ ነመራ።»

«የጻፈችውንም መልሶ ያነባል?»

«ያነባል።»

ልጁን ለመስጠት እንደሚያመነታ ለሕብረት ገባት። ስለዚህ ገፋችበት። ቦንቱ ከእኔ ጋር ትኖራለች አለች። እናቴ ትጠብቃታለች አለች። ማንበብ ስትችል ስምንተኛን ታልፋለች፣ ዐሥራ ሁለተኛን ታልፋለች፣ እንደ እኔ አስተማሪ ትሆናለች አለች። «መጥተው በጆሮዎ ይሰማሉ። ልጅዎ የጻፈችውን ይሰማሉ።»

ነመራ እጇን በሁለት እጁ ይዞ «ገለቶሚ» ብሎ አመሰገናት። መዳፉ እንደ ቅርፊት የሻከረ ነበር።

ወደ ዲጋ ከተማም ሄደው ነበር፤ እዚያ ግን ገና ከመጀመራቸው መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ አርጅቶ ስለነበር ወዲያው ዘጋ። የመጣው ሰው ትንሽ ጠብቆ፣ ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ አውርቶ ተበተነ።

ቦንቱ መጣች። መጀመሪያ ሰሞን ከእማዋይሽ ቀሚስ ሥር አትለይም ነበር። ኪቦርዱን ከለመደች በኋላ ግን ከክፍሉ የሚያስወጣት ጠፋ። ሌሎቹ ልጆች የሚጠየቁትን ይጽፋሉ፤ እሷ ከጠዋት እስከ ማታ የሰማችውን ትጽፍ ነበር። «ዛሬ የሰማሁት» ብላ ትጀምራለች። የባጃጁ ጥሩምባ፣ ጎረቤት ያለችው ሴት ስታለቅስ ውሃ ከፍታ ልቅሶዋን እንደምትሸፍን፣ ቆርቆሮ ላይ የወረደ በረዶ፣ እማዋይሽ ስትጸልይ የማን ስም ላይ ድምጿ እንደሚሰበር። ጽፋ ስትጨርስ «አንብብ» የሚለውን ቁልፍ ተጭና፣ የቆርቆሮውን ሰውዬ የራሷን ቃል ሲናገር አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጠዋለች። ሲሳሳት ታርመዋለች። ሕብረት አጠገቧ ተቀምጣ አንዳንድ ጊዜ አልቅሺ አልቅሺ ይላታል፤ ለምን እንደሆነ ራሷም አታውቅም ነበር።

በዚያው ዓመት በርናባስ ሥራ አገኘ። ኮምፒውተሮቹን የሰጠው ድርጅት ነቀምቴ ቢሮ ሲከፍት ቴክኒሻን ፈለገ፤ እሱ ተወዳደረና አለፈ። ለዓመታት ሲመኘው የኖረው ቋሚ ሥራ ነው። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ነበር። ሕብረት በደስታ እልል ብላለት ነበር። «አሁን ከውስጥ ሆነህ ታሳምናቸዋለህ» አለችው።

«እሞክራለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ መምጣቱ ቀነሰ። ስትደውልለት ስብሰባ ላይ ነኝ ይላል። ሥራ በዝቶበት ይሆናል ብላ ተወችው።

ከፋሲካ እረፍት በተመለሱ ጊዜ ሕብረት በነጭ በትሯ ኮሪደሩን እየነካች ወደ ክፍሏ ስትሄድ ከውስጥ የወፍራም ድምፅ እንጉርጉሮ ሰማች። ደስ አላት። «በርናባስ!» ብላ ገባች።

እንጉርጉሮው ቆመ።

«ምነው ጠፋህ? ምን ልትሠራ መጣህ?»

መልስ አልሰጣትም። ከአንዱ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ሲከፈት የሚያሰማው ዜማ ወጣ። ቀጥሎ ከሌላው። ሕብረት በጠረጴዛው ጠርዝ እየተመራች ሄዳ እጇን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈች። ድምፁን የሚያስነሣውን ቁልፍ ተጫነች። ምንም የለም። ሌላኛው ጋ ሄደች። ምንም።

«አንተ ነህ?» አለችው።

«ሕብረት፣ ትንሽ ቁጭ በይ።»

«አንተ ነህ ወይ ፎርማት ያደረግካቸው?»

«ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው። በየትምህርት ቤቱ የሰጧቸው ኮምፒውተሮች ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ይፈልጋሉ። ሪፖርታቸው የሚሞላበት ፕሮግራም በሊኑክስ አይሠራም። ነገርኳቸው። ሁለት ሦስት ጊዜ ነገርኳቸው። ‹ያንተ ሥራ መጫን ነው› አሉኝ። እምቢ ብል ሌላ ሰው ይልካሉ፤ ሌላ ሰው ደግሞ የልጆቹን ጽሑፍ አያተርፍም። እኔ ሁሉንም ፍላሽ ላይ ገልብጬዋለሁ። አንድም አልጠፋም።»

«ማን ያነብላቸዋል?»

«ድምፅ አለው ይሄኛውም።»

«በምን ቋንቋ?»

ኬብል ሲጠቀልል ሰማችው።

«በርናባስ፣ በምን ቋንቋ?»

«በእንግሊዝኛ።»

«ያንን የእኛን ማንበቢያ እዚሁ ላይ ጫንልን እንግዲያ። ነጻ አይደለም እንዴ? በዊንዶውስም የሚሠራ አለ ብለኸኝ አልነበር?»

«አለ። ግን ከነሱ ውጪ ማንም ምንም እንዳይጭን ተቆልፏል። የይለፍ ቃሉ አዲስ አበባ ነው ያለው። ለእኔም አልሰጡኝም።»

ሕብረት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ያ ሲሬ ላይ ቆሞ «ጌታ የሌለው» እያለ ያስተማረው ሰው አጠገቧ ቆሞ ይተነፍሳል። «ለምን ሳትነግረኝ?» አለችው በመጨረሻ።

«ፊትሽን ማየት አልቻልኩም» አለ። ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ።

ወደ ኦቦ ፈየራ ሄደች። ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት። «ሕብረት፣ ይገባኛል» አላት። «ግን ዕቃው የነሱ ነው። ደብዳቤ እንጽፋለን፣ እንጠይቃለን። አሁን ተጣልተን ኮምፒውተሮቹን ቢወስዷቸውስ?» ደብዳቤው ተጻፈ። ከአዲስ አበባ የመጣው መልስ ጥያቄው ለሚመለከተው ክፍል መተላለፉን ይገልጽ ነበር። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። ሕብረት ስልክ ደወለች፤ አንድ ልስልስ ያለ ድምፅ ያላት ሴት «እናመሰግናለን፣ አስተያየትዎን መዝግበናል» አለቻት።

ልጆቹ ወደ ብሬል መጻፊያቸው፣ ወደ ስሌትና ስታይለስ ተመለሱ። ብሬል ወረቀት ሲያልቅ የተጣለ ወፍራም ካርቶን ይወጉ ነበር። ቦንቱ ግን ከኮምፒውተሯ አልተነሣችም። በርናባስ ጽሑፎቹን የገለበጠበትን ፍላሽ ሰካችና «ዛሬ የሰማሁት» የሚለውን ከፈተች። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቀው ድምፅ የአፋን ኦሮሞውን ፊደል እንደ ራሱ ቋንቋ ቆጥሮ ያንኮታኩተው ጀመር። አማርኛ ስታመጣለት ደግሞ ጭራሽ ዝም ይላል፤ ገጹ ባዶ ይመስለዋል። ቦንቱ ከፍታ ዘጋችው። ከፍታ ዘጋችው። በሦስተኛው «ባርሲፍቱ፣ እኔ ነኝ በትክክል ያልጻፍኩት?» ብላ ጠየቀች።

ነመራ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። መንገዱ በጸጥታ ችግር ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ ከርሞ ሲከፈት፣ በጠዋት ተሳፍሮ በመጀመሪያው መኪና ደረሰ። ለእማዋይሽ ማር ይዞላት ነበር። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ሕብረት ሰላም ስትለው ጨርቁ የሱቅ ሽታ አልለቀቀም ነበር። ልጁ የጻፈችውን ሊሰማ ነው የመጣው።

ሕብረት በስልክ ልትነግረው ስትሞክር ኔትወርክ አልነበረም። አሁን ደግሞ ከክፍሉ በር ላይ እንዴት ብላ ትጀምር? ቦንቱ ቀደመቻት። አባቷን እጁን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ፍላሹን ሰካች፤ ቁልፉን ተጫነች።

ድምፁ ያንን ጉድ ማውራት ጀመረ። ነመራ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠ። ሲያበቃ፣ «የፈረንጅ ነው?» አለ በቀስታ።

«አይደለም፣ አባ» አለች ቦንቱ። «የኔ ነው።»

ሕብረት የሆነውን ሁሉ አስረዳችው። ስለ ድርጅቱ፣ ስለ ይለፍ ቃሉ፣ ስለ ደብዳቤው። እየተናገረች ቃሎቿ ለራሷም ባዕድ ሆኑባት። ሲሬ አዳራሽ ውስጥ የተናገረችው አጭርና ግልጽ ነበር፤ ያነብላታል ነው ያለችው። ነመራ ግን አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«ባርሲፍቱ፣ እርስዎ አልዋሹኝም» አላት። «ከእርስዎ በላይ ያለ ሰው ነው ያደረገው። ግን መንገዱ ዛሬ ተከፍቷል፤ ነገ አላውቅም። ልጄ የምትማርበት ነገር ካለ እዚህ ትሁን፤ ከሌለ ከእኔ ጋር ትሁን።»

«ብሬል አለ፣ ኦቦ ነመራ። እኔ አለሁ። ይተዉልኝ።»

«እሷን እንጠይቃት» አለ።

የቦንቱ ጣቶች አሁንም ኪቦርዱ ላይ ነበሩ። ሕብረት ልጅቷ ትቆያለሁ ትላለች ብላ ነበር፤ በእርግጥም አምና ነበር።

«ቤት ብሄድ ይሻላል» አለች ቦንቱ። «እዚያም ዝም ነው፣ እዚህም ዝም ነው። እዚያ አባቴ አለ።»

እማዋይሽ መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻቸው። ሕብረት ክፍል አለኝ ብላ ቀረች። ክፍል አልነበራትም።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲከፈት በርናባስ ቤቷ መጣ። የራሱን ላፕቶፕ፣ ያንን ሲሬ ይዞት የሄደውን፣ አዲስ ባትሪ ገዝቶለት አምጥቷል። ሊኑክሱ ላዩ ላይ አለ። «ለቦንቱ» አለ። «ይሄ የማንም አይደለም። ማንም አይቆልፈውም።»

ሕብረት ተቀበለችው። ይቅር አላለችውም፣ አልረገመችውም። ስለ ልጁ ጠየቀችው፤ ሴት መሆኗን ነገራት። ሻይ ሳይጠጣ ሄደ።

በማግስቱ ቅዳሜ ላፕቶፑን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ሲሬ ተሳፈረች። ባይሳ መናኸሪያው ድረስ መጥቶ ተቀበላትና ወደ ነመራ ሰፈር ሰው ላከ። የተላከው ሰው ከሰዓት በኋላ ብቻውን ተመለሰ። እዚያ አካባቢ ሰላም ስላልነበረ ሰዉ ለቅቆ ሄዷል። ነመራ ከብቱን ሸጦ ቦንቱን ይዞ ወደ ዘመዶቹ ተሻግሯል። ወደ የትኞቹ ዘመዶች? የሚያውቅ የለም። ስልኩ ከአገልግሎት ውጪ ነው ይላል።

«እዚህ ተዪውና ሲመጡ እሰጣታለሁ» አለ ባይሳ። ሕብረት ላፕቶፑን ሰጠችው። በሁለቱም ድምፅ ውስጥ ግን ይመጣሉ የሚል እምነት አልነበረም።

የነቀምቴ መኪና እስኪሞላ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ሳለ አንዲት ሴት አጠገቧ መጥታ ቆመች። ዘንቢል ይዛለች፤ የቲማቲምና የጎመን ሽታ ይሸታል። ከፍ ባለ ድምፅ፣ «አካም ጅርቱ! የሚያወራው ኮምፒውተር መምህርት አይደሉም? አዳራሹ ውስጥ ሰምቼዎት ነበር» አለቻት።

«ነኝ» አለች ሕብረት።

«ወንድ ልጅ አለኝ። ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከተወለደ ጀምሮ አያይም። ያኔ ትንሽ ስለሆነ ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ደርሷል። እናንተ ጋ ባመጣው ያ ነገር ያነብለታል?»

መልሱን ሕብረት በቃሏ ታውቀው ነበር። ስንት ጊዜ ብላዋለች፤ በባጃጅ፣ በለቅሶ ቤት፣ በአዳራሽ። ሞክሩት፣ ምንም አይጠይቃችሁም። ዛሬ ግን አላለችውም። ረዳቱ «ነቀምቴ! ነቀምቴ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል።

«ልጁ… ትንሽ ይቆይ» አለች።

«እስከ መቼ?»

«አላውቅም፣ እህቴ።»

በትሯን ዘርግታ ተነሣች። ሴትየዋ ክንዷን ይዛ እስከ መኪናው በር መራቻት፣ ጭንቅላቷን እንዳትመታ እጇን ከላይ አደረገችላት። በሩ ሲዘጋ በመስኮቱ በኩል ድምጿ ይሰማ ነበር። ምንም ያልሰጠቻትን ሴት ደጋግማ ታመሰግን ነበር።